ለጌታሁን ያላቀበልኩት ስልክ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የቀረውን ከመጻሕፍትና ከሰው አፍ የለቀምኩ ሴት ነኝ። ወሬ ግን እወዳለሁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲቀርብ ሴቶቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ የሚጠጉት ወደ እኔ ነው። ይሄንን ግን ለአንዳቸውም ጨርሼ አውርቼ አላውቅም። "ስፔን እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "ደስ ይላል" እልና ስለ ልጆቻቸው እጠይቃቸዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ፊታችሁን ባይ መሃል ላይ አቆም ነበር።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደነበርን ልንገራችሁ። ባሌ ጌታሁን ሚኒያፖሊስ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። እኔ ቤታችን ባለበት በዉድበሪ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አገላብጣለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፤ ሳሮን ትባላለች። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች ናት። በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንደዚያ እየተባባልን ሃያ አምስት ዓመት ተግባብተናል።

ከሦስታችን ሌላ እትዬ አስካለ ነበረች። የጌታሁን ታላቅ እህት ናት፤ እሱ "እታለም" ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት፣ እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች አሳደገችው፤ እሱም ቅርጫቷን ተሸክሞ ከኋላዋ እየተከተለ አደገ። አሜሪካም ቀድማ የመጣችው እሷ ናት፤ እሱን ያመጣችውም እሷው። ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ባለች አንዲት አፓርታማ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሰፈሩን በሙሉ ታውቃለች፤ የማታውቀውን ደግሞ ትሰድባለች።

ጌታሁን ብስክሌት የተማረው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ስኳር ተገኘብህ፣ ተንቀሳቀስ ሲሉት ያገለገለች ብስክሌት ገዛና እታለም አፓርታማ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ልምምድ ጀመረ። እሷ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ታየው ነበር። ሲወድቅ "አስፋልቱን አደራ፤ የመንግሥት ነው" ትለዋለች። ሲነሳ ደግሞ ፊቷን አዙራ እንባዋን ትጠርጋለች። በሳቅ ይሁን በሌላ፣ ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም። ሲለምድለት እኔም አንድ ተገዛልኝ። በበጋ የከተማውን ሐይቆች መዞር የሁለታችን መዝናኛ ሆነ።

ከዚያ አንድ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባው ፎቶ አሳየው። ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ሞተርሆም ተከራይቶ፣ ሁለት ብስክሌት ከኋላ አስሮ ደቡብ ስፔንን ዞሯል። ሞተርሆም የምለው ያንን አልጋም ምድጃም ሽንት ቤትም ያለበትን መኪና ነው። ጌታሁን ፎቶውን ለምኖ ፍሪጃችን ላይ ለጠፈው። አራት ዓመት እዚያ ቆየ። እትዬ አስካለ በመጣች ቁጥር ፎቶው ፊት ቆማ "ሥራህ አውቶቡስ፣ ዕረፍትህ አውቶቡስ። አንተ ሰውዬ ለይቶልሃል" ትለው ነበር።

በመጨረሻ ቀን ስንቆርጥ እሷ ታማ ነበር። ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በማሽን ትታጠባለች፤ የሚያመላልሳትም ሺፍቱን እየቀያየረ ጌታሁን ነው። "ይቅርብን፣ የሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን" አላት። ተቆጣችው። እኔን ስትጠብቅ የትም ሳትደርስ ልትሞት ነው ወይ፣ ሳሮን ታመላልሰኛለች፣ ሂድልኝ አለችው። በሩ ላይ ስትሰናበተን እኔን አቅፋ በጆሮዬ "ስኳሩን አደራ" አለችኝ። ሌላ አደራ አልሰጠችኝም።

ስፔን ገብተን ማላጋ ከተማ ላይ መኪናውን ስንረከብ ጌታሁን እንደ አውቶቡሱ ዞሮ ዞሮ መረመረው። ጎማውን በእግሩ መታ፣ መብራቱን አስበርቶ ቆጠረ፣ ተንበርክኮ ሥሩን አየ። ያከራየችን ሴትዮ እስኪጨርስ እጇን አጣጥፋ ትስቅ ነበር። ከዚያ መሪውን ያዘና በሥራ ድምፁ "ቀጣዩ ፌርማታ ሮንዳ" አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ በየመንደሩ እንደዚያ አለኝ። ወይራ፣ ወይራ፣ ደግሞ ወይራ፤ ከዚያ ኮረብታ ጫፍ ላይ ኖራ የተቀባ ነጭ ከተማ፤ ከዚያ እንደገና ወይራ። አልጋው ከሾፌሩ ወንበር በላይ ስለሆነ ሁለታችንም በየጠዋቱ ጭንቅላታችንን እየመታን ነበር የምንነሳው። እንስቅ ነበር። እኔ የጠዋት ሺፍት፣ እሱ የማታ ሺፍት፣ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት ተላልፈን የኖርን ሰዎች ነን። እዚያ መኪና ውስጥ ግን መተላለፊያ አልነበረም። "ይሄ ጠባሳሽ መቼ ነው የወጣብሽ?" ብሎ የክርኔን ቃጠሎ ጠየቀኝ። አሥር ዓመት ሆኖታል።

ይሄን የምነግራችሁ በከንቱ አይደለም። ያጠፋሁት ጥፋት ግማሹ ከዚህ ነው የመጣው።

ማክሰኞ ኦልቬራ የሚባል ከተማ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ቆመናል። ከዚያ የሚነሳ፣ ባቡር ሊሄድበት ተቆፍሮ ባቡር ያልሄደበት፣ አሁን የብስክሌት ብቻ የሆነ መንገድ አለ። ፎቶው የተነሳው እዚያ ነው። ጌታሁን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሚኒሶታ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ስልኬ ጠራ። የስፔን ሲም ካርድ የገዛነው ለአንድ ስልክ ብቻ ነበር፤ ለእኔ። የእሱ ፎቶ ማንሻ ሆኖ፣ ካምፕ ስንደርስ በዋይፋይ ብቻ ነበር የሚሠራው።

ሳሮን ናት። ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ቀጥኗል። እትዬ አስካለ ደሟ ተመርዞ ሆስፒታል ገብታለች። ሐኪሞቹ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ብለዋል። ነፍሷን ታውቃለች፣ ትናገራለች፣ ጌታሁንን ትጠይቃለች።

"ማም፣ ለዳድ ስጪው" አለችኝ በአማርኛ። ሳሮን በአማርኛ ስታናግረኝ ነገሩ ከባድ ነው።

"ቆይ" አልኳት። "መልሼ እደውላለሁ።"

ከመኪናው ጀርባ ሄጄ የደወልኩት ለጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በከተማችን ሐበሻ መካከል መርዶ የሚነገረው እሳቸው ባሉበት ነው። እሳቸውም ሰምተዋል። በዝግታ፣ እንደ አባት ነው ያናገሩኝ። በሰው አገር፣ ያውም ተራራ ለተራራ መሪ ይዞ፣ ስኳር ያለበትን ሰው እንዲህ ያለ ነገር መንገር እሱንም አንቺንም ገደል መክተት ነው አሉኝ። ቅዳሜ ትመጣላችሁ፤ ጌታ ቢፈቅድ ትድናለች፤ ካልሆነም ቤቱ ገብቶ፣ አርፎ፣ ወገኑ ተሰብስቦ በወጉ ይሰማል አሉ።

"አንቺ ብቻ ጠንከር በይ፣ እህቴ" አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ላይ ላላክክ አልፈልግም። እሳቸው ያሉት እኔ ራሴ ለሌሎች ስል የኖርኩትን ነው። ስንቱን ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ እየሳቅሁ ቤቱ ወስጄ፣ አብልቼ አስተኝቼ፣ ጎህ ሲቀድ አልቃሾችን በር ከፍቼ አስገብቼበታለሁ። ደግነት ነው እል ነበር። ከእሳቸው ጋር ስጨርስ ግን አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ። እንደማፍርበት እወቁልኝ። ከኔ በላይ የሚያውቁ ሰው አትንገሪው ብለዋልና የቀሩት አራት ቀናት የኔ ሆኑ ማለት ነው። ነገ በጠዋት ከማላጋ ቢሳፈር ማታውን እህቱ አልጋ አጠገብ ይቆም ነበር። ያንን ሒሳብ እዚያው መኪናው ጀርባ ቆሜ አስቤዋለሁ። አላወቅሁም አልልም።

ስመለስ "ማን ነው?" አለኝ ሰንሰለቱን እንደያዘ።

"ሳሮን። ሰላም ብላሃለች።"

"እታለምን እንዴት ናት አለች?"

"ደህና ናት።"

"ማታ በዋይፋይ ደውዬ ይሄን ዛፍ አሳያታለሁ።"

"የዚህ ካምፕ ዋይፋይ አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ" አልኩት። ይሠራ ነበር።

ሰንሰለቱን ትቶ ስልኩን እንኳ አላነሳም። አመነኝ። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር ዋሽቼው ስለማላውቅ ለማረጋገጥ ምክንያት አልነበረውም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳሮን እንደገና ደወለች። ጌታሁን የመኪናውን የውኃ ጋን በካምፑ ቧንቧ እየሞላ ነበር። ከቆምኩበት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ያፏጫል።

ሳሮን በዚህኛው አልለመነችኝም። ቆጣ ብላ፣ በእንግሊዝኛ፣ የሚሆነውን ብቻ ነገረችኝ፤ ስልኩን አክስቴ ትራስ ላይ ላደርገው ነው፣ የምትፈልጊውን አድርጊ፣ እኔ እዚህ ቆሜ መስማት አልችልም አለች። የክፍሉ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ የኦክስጅኑን ሹሽታ፣ ከሹሽታው ሥር ደግሞ እትዬ አስካለን።

"ጌቱዬ?" አለች።

"እኔ ነኝ እትዬ። ሙሉ ነኝ።"

"ጌቱን ስጪኝ።"

ውኃው እየሞላ ድምፁ ሲቀጥን ይሰማኛል። ፉጨቱም።

"ብስክሌት ላይ ነው እትዬ። ሩቅ ሄዷል።"

ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር። "ጥሪልኝ" አለች። "ድምፁን ብቻ። ጥሪልኝ፣ ሙሉ።"

"ሲመጣ እንደውልልሻለን።"

ሥራዬን ነግሬያችኋለሁ። እዚያ መጦሪያ ውስጥ ሰው ሲያጣጥር ልጆቹ ከካሊፎርኒያ፣ ከቴክሳስ ይደውላሉ። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ። ዓይኑን የጨፈነ ሽማግሌ የሴት ልጁን ድምፅ ሲሰማ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ አይቻለሁ። ክንዴ እስኪዝል ይዤ ቆሜ አውቃለሁ፤ ለማላውቀው ሰው፣ ለፈረንጅ። እዚያች ሃያ እርምጃ ላይ ቆሜም ክንዴ ይሄን ያውቅ ነበር። እግሬ ግን አልሄደም።

ከዚያ እትዬ አስካለ ተናገረች፤ ድምፅዋ ተለውጦ፣ መለመኑን የተወ ሰው ድምፅ ሆኖ። "በቃ ተይው። ይጫወት። ልጅ ሆኖ አልተጫወተም።"

የመጨረሻ ቃሏ ይሄ ነው። በሩ ተከፈተ፣ ሳሮን ስልኩን አነሳችና ምንም ሳትለኝ ዘጋችው። ጌታሁን ቧንቧውን ጠምዝዞ "ሞላ" አለኝ። "ደህና" አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ስነሳ የሳሮን መልእክት ስልኬ ላይ ነበር። እትዬ አስካለ ረቡዕ ማታ በሚኒሶታ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ላይ አርፋለች። የመኪናው ሽንት ቤት ውስጥ ገብቼ በር ዘግቼ አነበብኩት። ከበሩ ውጪ ጌታሁን የብስክሌት ኮፍያውን አድርጎ "ሙሉ፣ ፀሐይ ሳይከር እንውጣ እንጂ" ይላል። ፊቴን ታጠብኩ፤ ጥቁር መነጽሬን አደረግሁ፤ ወጣሁ።

ያንን መንገድ ብታዩት። ቁልቁል ስለሆነ እግር አያስቸግርም፤ ወንዙ ከታች፣ ገደሉ ከላይ፣ ሰማዩ ላይ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳይነቀንቁ ይዞራሉ። ጌታሁን ከፊት ነበር። መሪውን ሁለት እጁን ለቆ ለመንዳት ይሞክራል፤ ይንገዳገዳል፤ ይይዛል፤ ዞሮ አየሁት ወይ ብሎ ያየኛል። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው። እኔ ከኋላ፣ "ይጫወት" የሚለውን ጆሮዬ ውስጥ እየሰማሁ እከተላለሁ። እሱ የሚያውቀው እየተጫወተ መሆኑን ነው፤ እኔ የማውቀው እህቱ መሞቷን ነው።

መንገዱ ዋሻ ይበዛበታል። አንዱ ረጅም ነበር፤ መብራቱም ደብዛዛ ነው። እዚያ ውስጥ ስገባ አላስቻለኝም። ወረድኩ። ግድግዳውን ተደገፍኩና አለቀስኩ። ድምፄን ይዣለሁ ብዬ ነበር፤ ዋሻ ግን ድምፅ አይደብቅም። ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲዞር ሰማሁ። ተመልሶ መጣ፤ ብስክሌቱን ጥሎ ያዘኝ።

"ጨለማው ነው? ፈራሽ?"

"አዎ" አልኩት።

"አይዞሽ፣ እኔ አለሁ አይደል" አለኝ። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ፣ አንድ እጁን የብስክሌቴ መሪ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን እየመራ ወደ ብርሃኑ አወጣኝ። ማጽናናት ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ ያጽናናኝ እሱ ነው። በገዛ እህቱ ለቅሶ እኔን አጽናናኝ። ሲወጣ ደግሞ ለማሳቅ ብሎ "ቀጣዩ ፌርማታ ፀሐይ" አለኝ። ሳቅሁለት።

ዓርብ አንዲት መንደር የወይራ ዘይት መጭመቂያ ቤት ጋ መኪናውን አቆመና ለእታለም ትልቅ ቆርቆሮ ዘይት ገዛ። "ምን ትላለች መሰለሽ? ከዚህ የአቦካዶ ዘይት ይሻለኛል ነው የምትለው" እያለ ብቻውን ይስቃል። በአውሮፕላኑ ሻንጣ ውስጥ እንዳይፈስ በሦስት ፌስታልና በገዛ ሹራቡ ሲጠቀልለው ፌስታሉን ከፍቼ ያዝኩለት።

ቅዳሜ ማታ ላይ ሳሮን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለችን። ዓይኗ አብጧል። ጌታሁን "ምን ሆነሻል?" ሲላት "አለርጂ" አለችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጋሽ ደምሴ እሷንም አደራ ብለዋት ነበር። ይሄን ውሸት ለአባቷ እንድትዋሽ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

መኪና ውስጥ ቆርቆሮውን ከሻንጣው አውጥቶ "በፍሮግታውን በኩል ውሰጅን፤ ዘይቱን ሰጥቼያት ልምጣ" አለ።

ሳሮን መሪውን ጨብጣ ቀረች።

"ደክሞሃል፣ ነገ ይደርሳል" አልኩት።

"አምስት ደቂቃ ናት። በሩን አንኳኩቼ እሰጣትና እወርዳለሁ፤ አልቀመጥም።"

"ተኝታ ይሆናል ጌታሁን። ነገ።"

"እሺ" አለ። ዘይቱን ጭኑ ላይ እንደያዘ ዉድበሪ ደረስን።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። አልጋው ባዶ ነው። ሰውነቱ ገና በስፔን ሰዓት ስለነበር ቀድሞኝ ነቅቷል። ሳሎን ስወጣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ውጪውን እያየ ቆሟል። ከሥር መኪና ማቆሚያው ላይ መብራታቸውን ያጠፉ መኪኖች ተደርድረዋል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ወንዶች ወጥተው ዝም ብለው ይሰባሰባሉ። ከፊት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጌታሁን እንደዚህ ካለው ሰልፍ መካከል ስንት ጊዜ ቆሞ ያውቃል። ምን እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም። ሰው በሩን ሳያንኳኳ ሄዶ ከፈተው።

"ግቡ" አላቸው። "ማን ነው?"

ጋሽ ደምሴ ወጉን ጀመሩ። እስቲ እንቀመጥ፣ እስቲ እንጸልይ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ማን ነው?"

"እህታችን አስካለ ወደ ጌታዋ ሄዳለች፣ ልጄ።"

ሴቶቹ አለቀሱ። እሱ ግን አላለቀሰም። "መቼ?" አለ። ረቡዕ ማታ አሉት። "መቼ ነው የታመመችው?" አንድ ቤት ሙሉ ሰው ምንጣፉን ያያል። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሳሮን "ሰኞ" አለች በአማርኛ። "ማክሰኞ ለማም ነግሬያታለሁ። ትጠይቅህ ነበር፣ ዳድ።"

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሲቆጥር አየሁት፤ ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን። ሐሙስ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ዋሻው ውስጥ ጨለማ አልነበረም ያስፈራሽ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እንዴት እንዳለቀሰ አልነግራችሁም። የእሱ ነው።

ቀብሯን ጠብቀውለት ስለነበር ማክሰኞ ራሱ ቀበራት። ያልወሰድኩበት ያንን ብቻ ነው። ሐዘንተኛው ሲበተን፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩና ያለኝን አንድ ስጦታ ልሰጠው ሞከርኩ። እታለም ስልክ ላይ ነበረች፣ "ይጫወት፣ ልጅ ሆኖ አልተጫወተም" ብላሃለች፣ መርቃ ነው የተወችህ አልኩት። ያንን ብቻ። "ጥሪልኝ" ማለቷን አላነሳሁም፤ እንዳይጎዳ ብዬ።

"ይሄንን ማን ሰማ?" አለኝ።

"እኔ። ሳሮን ወጥታ ነበር።"

"አንቺ ብቻ" አለና ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ "ዋይፋዩም አይሠራም ነበር" አለኝ።

አያችሁ? እህቱ ከሞት አፋፍ ላይ ሆና የላከችለትን ቃል እኔ አፍ ውስጥ ስላስቀመጠችው ተበላሸ። እውነቱን ነበር የነገርኩት፤ እኔ ስለነገርኩት ግን ልቡ አልተቀበለውም። ብስክሌቶቹን ሸጣቸው። ፍሪጃችን ላይ የነበረውን ፎቶ መቼ እንዳነሳው አላየሁም። አልተፋታንም፤ ክፉ ቃልም አልተናገረኝም። ሺፍቱን ወደ ማታ መለሰና እንደ ድሮው መተላለፍ ጀመርን። ሰው ይሄን ያህል ጨዋ ሆኖ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ያኔ አየሁ።

አንድ ዓመት ከአራት ወር እንደዚያ ሄደ። ባለፈው መስከረም፣ ቅዳሜ ቀን፣ መኪና ውስጥ ነበርን። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝና ያደረሰኝ እሱ ነው። ቀድመን ደርሰን ሞተሩን አጥፍቶ ተቀምጠናል። ፊት ለፊቱን እያየ፣ "ድምፅዋ እንዴት ነበር?" አለኝ።

የማንን ብዬ አልጠየቅሁም። ለስለስ አድርጌ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ደህና ነበር፣ ሰላም ነበራት ልለው። ከዚያ ዘጋሁት። እንደገና ስከፍተው ሁሉንም ነገርኩት። ኦክስጅኑን። መጀመሪያ "ጌቱዬ" ማለቷን። ስጪኝ ማለቷን። ሩቅ ሄዷል ብዬ መዋሸቴን፤ አንተ ሃያ እርምጃ ላይ ውኃ እየሞላህ ታፏጭ እንደነበር። "ጥሪልኝ፣ ድምፁን ብቻ" ብላ ሁለት ጊዜ መለመኗን። ስለ አራቱ ቀናትም ነገርኩት፤ ስለ ስኳርህና ስለ ተራራው ብቻ አልነበረም፣ አንተን ለብቻዬ ማግኘቴ እንዳያልቅብኝ ነው አልኩት። "ከዚያ በኋላ ነው ይጫወት ያለችው። ስትለምነኝ ቆይታ፣ እንደማላመጣህ ስታውቅ።"

መሪው ላይ ተደፋ። አለቀሰ፤ ከመርዶው ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው የጮኸው። አልነካሁትም። መንካት የኔ አልነበረም።

ሲበቃው ፊቱን በእጁ ጠርጎ፣ "አዎ፣ እታለም እንደዚያ ነው የምትናገረው" አለኝ። "መጀመሪያ ትለምናለች፤ ከዚያ ትተዋለች።" የሐኪሙ ሰዓት አልፎ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቤት ነዳ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ ዛሬ የሰው መርዶ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር እንዳለ አውቃለሁ። በአገራችን ልማድ አልስቅም፤ ጎህ ሲቀድ በር ላይ የቆመ ሰው ብርቱ ድጋፍ ነው። ለሞተ ሰው ግን ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስም ጠርቶ ስልክ ላይ ከጠበቀ የምታመጡት ሽማግሌ የለም፤ ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ስልኩን መስጠት ብቻ ነው ያለው። ይወድቅ ይሆናል፣ ይታመም ይሆናል። አጠገቡ ሆናችሁ ያዙት። እኔ አሁን ከአዲስ አበባ እንኳ ሰው ደውሎ ድምፁን ቀነስ ካደረገ "አሁኑኑ ንገረኝ" ነው የምለው፤ መጦሪያውም ውስጥ ስልክ ይዤ ስቆም ክንዴን አልቀይርም።

ጌታሁን ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ትጠይቁኛላችሁ። አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ያን ቀን መኪናው ውስጥ አመነኝ። የሚያሳምመውን ሁሉ ስነግረው ብቻ ነው ያመነኝ፤ እህቱም "ይጫወት" ያለችው ያን ቀን ደረሰው።